ይሉኝታ የነበረው ማጉያ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ደህና የሆነን ነገር አይቶ ዝም ብሎ እንደማለፍ ያለ ከባድ ሥራ በዚህ ምድር ላይ አለ? የተበላሸውን ማስተካከል ቀላል ነው፤ መበላሸቱ ራሱ ይጠራችኋል። ደህናውን ግን «ደህና ነህ፣ እዚያው ተቀመጥ» ብሎ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። ባሌ ሰይድ ጨው የበቃውን ወጥ ገና ሳይቀምሰው ጨው ይጠይቃል። ጎረቤቴ አምና ያስቀባችውን ግድግዳ ዘንድሮ ታስፍቃለች። እኔ ደግሞ የጊታር ማጉያ እከፍታለሁ።

አትሳቁ። የጊታር ማጉያ ስል ደግሞ የዛሬውን፣ በአንድ ጣት የሚንጠለጠለውን ማለቴ አይደለም። የድሮውን፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያሸክመውን፣ ሆዱ ውስጥ የብርጭቆ አምፖል የሚበራውን ነው። የእህቴ ልጅ ፎዚያ «ቱዩብ» ትለዋለች። ሰይድ መጀመሪያ ቀን ሲሰማ ቱቦ ፈነዳ ያለች መስሎት ሮጦ የቤቱን ውሃ ዘጋ። እኔ አምፖል ነው የምለው። ይበራል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል፤ ከዚህ በላይ ምን አድርጎ አምፖል ይሁንላችሁ?

ገርጂ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለኝ፤ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ገመድ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። አንድ ቀን ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሱቄ ገቡና የዚህ ዓይነት አምፖል አለሽ ወይ አሉኝ። እኔም እንደ ባለሙያ ኮስተር ብዬ ስንት ዋት ነው አልኳቸው። ሳቃቸው እስከ ታክሲ ማቆሚያው ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ታደሰ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ ጊታር ሲጫወቱ ኖረው አሁን ሲኤምሲ ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ጡረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የባንዱ ዕቃ ሁሉ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ያ ማጉያ ብቻ ነው የቀራቸው። እሱም አንድ አምፖሉ ተቃጥሎ ዲዳ ሆኗል።

አምፖሉ አልነበረኝም። ፎዚያ ግን ነበረችኝ። ፎዚያ የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ ውጭ አገር አፈላልጋ ገዝታ፣ እንዳይሰበር ካልሲ ውስጥ ከታ ይዛልኝ መጣች። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ካልሲውን ይዞ ይህ ምንድን ነው ቢላት፣ የአክስቴ አምፖል ነው አለችው። ቤት ያበራል ወይ አላት። አያበራም አለችው። ታዲያ ምን ያደርጋል ሲላት ጊታር ያስጮሃል አለችው። ሰውየው ወይ ልጅቷ ወይ አክስቷ አብዳለች ብሎ መሰለኝ ያሳለፋት። በአክስቷ አልተሳሳተም።

ምክንያቱም ጋሽ ታደሰ አምፖሉን ሰክተው፣ ያ ማጉያ ቀስ ብሎ እንደ ፍም ሲቀላ፣ ከዚያ ባቲን ሲያስጀምሩት፣ ወላሂ እኔ ያን ጊዜ አብቅቶልኛል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ የባቲ ቅኝት ስሰማ የአገሬን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ ይመስለኛል፤ ልስመው ይቃጣኛል። ከዚያን ቀን ወዲያ ማጉያ መሥራት ያዝኩ። ቋንቋው የማይገባኝን ቪዲዮ በስልኬ እያየሁ እጃቸውን ብቻ እከተላለሁ፤ እጅ መቼም አማርኛ ነው። የመጀመሪያውን በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ሠራሁት። ጮኸ፣ ጨሰ፣ ነዘረኝ። ከሶኬት ተነቅሎም የሚነዝር ዕቃ ነው፤ ቂመኛ ነው። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ሰይድ ሌላ ሴት ወርቅ ትጠይቃለች፣ የኔዋ የብየዳ እርሳስና መበየጃ ትጠይቃለች እያለ ለወዳጆቹ ያማኛል። በልቡ ግን ሳይኮራብኝ አይቀርም፤ የወርቁ ነገር ቀላል ነው እንዴ?

ጋሽ ታደሰ እሁድ እሁድ ከሰዓት የድሮ ወዳጆቻቸውን ቤታቸው ይሰበስባሉ። ከበሮ መቺያቸው የነበሩት ጋሽ ግርማ አሉ፣ ሌሎችም አሉ፤ እኔም ከመሃላቸው ብቸኛዋ ወጣት ነኝ፤ አምሳን ገና አሁን ነው የተሻገርኩት። ሻይ ይጠጣል፣ ይተራረባል፣ ጋሽ ታደሰ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይጫወታሉ። እትዬ አልማዝ «ኧረ ጎረቤት ይተኛ!» እስኪሉ ድረስ አያቆሙም።

ታዲያ ባለፈው ማጉያው ማጉረምረም ጀመረ። ዝም ሲባል እንኳ «እምምም» ይላል፤ የተቀየመ አማት ይመስል። ጋሽ ታደሰ አስጭነው ላኩልኝና በስልክ «ሐሊማ፣ ይቺን ማጉረምረም ብቻ አስተይልኝ» አሉኝ። ብቻ! ያቺን «ብቻ» በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ከፈትኩት። አንድ ያረጀ ኮንደንሰር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ደርቆ አገኘሁት፤ ለወጥኩት፤ ማጉረምረሙ ቆመ። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ገጥማ፣ ብሎኑን አጥብቃ፣ «አልሃምዱሊላህ» ብላ የምትተኛ ሴት ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላስነበብኳችሁ።

እኔ ግን ውስጡን ማየት ቀጠልኩ። እዚያ ውስጥ አንድ ለየት ያለ አምፖል አለ። ሌሎቹ ድምፁን ያጎሉታል፤ እሱ ድምፁን አይነካም። ሥራው ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ ለሌሎቹ ማቀበል ነው። አርጅቷል ደግሞ፣ ዘገምተኛ ነው። ጊታሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ጉልበት ያጥረዋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳል። እኔ ይህን ድክመት ነው ብዬ ፈረድኩ። ማን ዳኛ አደረገሽ የሚለኝም በአጠገቤ አልነበረም። አምፖሉን ነቀልኩና በምትኩ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ፣ ዳዮድ የሚባሉ የዛሬ ዕቃዎች በየድኩ። እነሱ መዘግየት አያውቁም፤ ጉልበት አያጥራቸውም፤ የተሰጣቸውን ያኔውኑ ይሰጣሉ። ማጉያው ወጣት ሆነ። ለጋሼ ሳልነግራቸው ባስደንቃቸው ብዬ ድብቅ አደረግኩት። ስጦታ መሆኑ ነው እንግዲህ።

እሁድ ደረሰ። እኔ የክት ቀሚሴን ለብሼ ከማጉያው አጠገብ እንደ ሙሽራ እናት ተቀምጫለሁ። ጋሽ ታደሰ ጀመሩ። ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ምስጋናዬን ልቀበል ልነሳ ስል ግን አንድ ነገር ሰማሁ። በድምፁ መሃል ጠቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ይጮሃል፣ የሚቀጥለው ይጠፋል። እኔ ይህን ዓይነት ድምፅ አውቃለሁ፤ የላላ ሽቦ ነው። ማን ያስችለኝ? ጋሼ ቆይ እስቲ፣ የላላ ነገር አለ ብዬ በደመቀ ድምፄ አስቆምኳቸው። የኔን ድምፅ መቼም ማጉያ አያስፈልገውም።

ከጀርባው ተንበርክኬ አምፖሎቹን በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ ማንኳኳት ያዝኩ። እንዲህ ነው የላላ የሚፈለገው። እስቲ ይጫወቱ አልኳቸው። ተጫወቱ፤ ጠቅ አለ። እስቲ ይድገሙት አልኳቸው። ደገሙት። እስቲ ፈጠን ያለውን አልኳቸው። ፈጠን ያለው ባሰበት። እኔ እቴ ደስ ብሎኛል፤ ችግሩ ጎልቶ ከተሰማ ማግኘቱ ይቀላላ! ጋሽ ግርማ ስኳር ያልጨመሩበትን ሻይ ማማሰል ጀመሩ። ሌላው ሰውዬ ጫማቸውን በጥሞና ይመረምራሉ። እትዬ አልማዝ ከጓዳ ብቅ ብለው አንዴ ነይማ አሉኝ፤ ቆዩ እትዬ፣ ላገኘው ነው አልኳቸው። ደግመው ጠሩኝ። አልሄድኩም። ሰው እንዴት ከአንገቱ በላይ ሁለት ጆሮ ተሸክሞ ምንም አይሰማም?

«ሐሊማ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ ቀስ ብለው። «እጄ ነው።»

ቀና ስል ጣቶቻቸው ክሩ ላይ እንደነበሩ ይንቀጠቀጣሉ። ብዙ አይደለም። ያወቀ ካልሆነ የማያየው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው መሃል ደግሞ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! ጊታራቸውን ቦርሳው ውስጥ አስተኝተው፣ ዚፑን ዘግተው፣ ፎዚያ አሁን የት ነው የምትበረው ብለው ጠየቁኝ። ሻይ ድገሚ ተባልኩ። ደገምኩ። ሻይ ነው ውሃ ነው የጠጣሁት፣ አላውቅም።

ማታ ሰይድ እህ፣ ጋሼ ወደዱት ወይ ሲለኝ እራት አልበላም ብዬ ተነሳሁ። ያቺን የነቀልኳትን አምፖል ከመሳቢያ አውጥቼ እጄ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ለካ እኔ ድክመት ያልኩት ነገር ሥራዋ ኖሯል። የሚንቀጠቀጠው ጣት ሳያስበው ጠንከር አድርጎ ሲመታ ዝቅ ታደርግለታለች፤ ደክሞ ሲያሳንስ ቀስ ብላ ታነሳለታለች። ስንት ዘመን ሙሉ ለማንም ሳትናገር፣ ለባለቤቱም ሳትነግር፣ ገመናውን ስትሸፍን ኖራለች። ይሉኝታ ማለት ይህ አይደል? እኔ ነቅዬ የጣልኩት የማጉያውን ይሉኝታ ነው። በምትኩ ያስገባሁት እነዚያን «እኔ እንደሆንኩ ፊት ለፊት ነው የምናገረው» የሚሉ፣ የለቅሶ ቤት ሳይቀር እውነት ይዘው የሚገቡ ሰዎችን የመሰለ ነገር ነው። አታውቋቸውም እንዳትሉኝ፤ በየቤተሰቡ አንድ አንድ ተመድበዋል።

በሚቀጥለው እሁድ እትዬ አልማዝ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለና ስብሰባው ቀረ። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ጋሽ ታደሰ ሰው ቤት ሊጠይቁ ሄደዋል ተባለ። የሚጠይቁት ሰው እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገባኝ። ሰውየው እጃቸውን ከወዳጆቻቸው ፊት ላያወጡት ነው። በኔ ምክንያት።

አምፖሏን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ለምን ተቸገርሽ እያሉ ወንበር አመጡልኝ። ዳዮዶቹን አውጥቼ አምፖሏን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ይሞክሩት አልኳቸው። ሌላ ጊዜ አሉኝ። በዚህ «ሌላ ጊዜ» ውስጥ ጊዜ እንደሌለ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከደጃቸው እንደወጣሁ ለጋሽ ግርማ ደወልኩና እሁድ ሁላችሁንም ጋሼ ጠርተዋችኋል አልኳቸው። ሰይድ ሰው በሰው ቤት ይጋብዛል እንዴ ብሎ ጮኸብኝ። ይጮህ። ከሱ ጩኸት የሚብስ ሰምቻለሁ።

እሁድ ሁሉም ተሰብስበው፣ ጋሼም ግራ ገብቷቸው እያስተናገዱ፣ እኔ ከመሃል ቆምኩ። አምፖሉ ተቃጠለብን፣ ገንዘባችንን መልሺልን ለሚሉኝ ደንበኞች የማሳየውን ፊቴን አደረግኩ፤ ዓይን አይጨፈንም፣ ቅንድብ አይነሳም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ጠቅ ጠቅ ያለው የኔ ብየዳ ኖሯል። ለቆ ነው። አሁን አጥብቄ በይጄዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ታደሰ አተኩረው አዩኝ። ጋሽ ግርማ ሻያቸውን አስቀምጠው «እኔ ያኔውኑ ብየዳው ነው ብዬ ነበር» አሉ። ጫማቸውን የሚመረምሩት ሰውዬም የዛሬ ልጆች ብየዳ እንዲህ ነው ብለው ተቀበሏቸው። የዛሬ ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስማቸው ነበር። እትዬ አልማዝ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥተው ጋሼ ጭን ላይ አኖሩላቸው።

«እንግዲያው ሁለተኛ አጥብቀሽ በይጂ» አሉኝ ጋሼ፣ ፈገግ ብለው። ተጫወቱም። ማጉያው እንደ ድሮው ዝቅ አለላቸው፣ ቀና አለላቸው፤ አንድም ጠቅታ አልተሰማም። አጨበጨብን። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልተመለሰው። ጋሽ ታደሰ ሲጫወቱ ጣሪያ ጣሪያ ነበር የሚያዩት፤ አሁን እጃቸውን ያያሉ። ሁለት ተጫውተው ይበቃል አሉ። እትዬ አልማዝ ጎረቤት ይተኛ ለማለት እንኳ አልደረሱም። አምፖል ከየትም ይመጣል፤ ያቺን «እጄ ነው» ያስባልኳቸውን ደቂቃ ግን ፎዚያ በየትኛው ካልሲ ከየትኛው አገር ታምጣልኝ?

እኔማ ከዚያ ወዲህ ጉዴ ፈልቷል። ጋሽ ግርማ ለወዳጅነት ብለው ያቺን ብየዳ የማያወሩበት ቦታ የለም። ሲኤምሲ ላይ ተነስታ፣ ገርጂን አቋርጣ ቦሌ መድኃኔዓለም ደርሳለች። እዚያ ያለ አንድ ምግብ ቤት ያረጀ ማጉያውን ሊያመጣልኝ ተስማምተን ነበር፤ ብየዳዋ ይለቃል ሲባል ሰምቶ ለሌላ ሰጠው። ሶኬት የሚገዙኝ ሰዎች እንኳ የሚገጥምልን ሌላ ሰው ታውቂያለሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔኑ! ሰይድ እውነቱን ተናግረሽ ስምሽን አድኚ እያለ ይነዘንዘኛል። አንዳንዴ ልናገር አፌን እከፍትና ያ ጣት ይታየኛል፤ ሶኬቱን በፌስታል ጠቅልዬ እሰጣለሁ።

እዚህ ላይስ ጻፍሽው አይደል ወይ እንዳትሉኝ። የሳቸውን ስም ቀይሬዋለሁ። የኔን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ከጠፋ በኋላ ምኑ ይቀየራል?