ዓባይነህ የኮበለለውን የጌም ድምፅ ለመማረክ የዘመቱበት ዜና

አቶ ፈቃደ በዕድራችን የዳኝነት ወንበር በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት፣ የግቢያችን የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ በቆመ በሦስተኛው፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ይጠገናል» የሚለው አዋጅም በጸና እንዲሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ እሑድ፣ በምድረ ልደታ፣ በጋራ መኖሪያ ቤታችን አንደኛ ፎቅ ላይ ይህ ሆነ። ዜናውም የዓባይነህ ነው፤ እርሳቸውም ሥዩመ ድምፅ ማጉያ ዘዕድር፣ ርእሰ ሊቃውንት ዘላፕቶፕ፣ ደህናውን ነክተው የሚያበላሹ፣ ያበላሹትንም «ቫይረስ ነው» ብለው የሚፈርዱ፣ ግርማቸው የበዛ፣ ሥራቸው ያነሰ ጌታ ናቸው።

በዚያም ሰሞን ከዓባይነህ ቤት ሥር የሚኖሩት ጎረቤታችን ሻምበል ሙለታ ዐርፈው ነበር። በምሥራቅ ግንባር ሁለት ጊዜ የቆሰሉ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሜ ሲቀበሩ ግን ከጥንት ጓዶቻቸው የቀሩት ሦስት ሽማግሌዎች በምርኩዝ መጡ እንጂ ለክብራቸው የሚተኩስ ሰው አልተገኘም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሀረግ ሞቱን ችለው ይህን አልቻሉም፤ ያ ሁሉ ዘመን ከጥይት ጋር የኖረ ሰው ያለ አንዲት ተኩስ አፈር መግባቱ አንጀታቸውን ቆርጦት፣ ዕንባ እንኳ እምቢ ብሏቸው ደርቀው ተቀምጠው ነበር።

የዕድራችን ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ድንኳን ሲተከል ጎረቤት ሁሉ ይቀመጣል፣ ሙዚቃ አይከፈትም፣ ያልተቀመጠ በራሱ ቀን ብቻውን ይቀመጣል፣ ሹመት ካለውም ይሻራል። ስለዚህ ዓባይነህ በማለዳ ወደ ድንኳኑ ወርደው፣ ማታ ሰባኪ ይመጣሉና የዕድሩን ድምፅ ማጉያ ከላፕቶፓቸው ጋር በብሉቱዝ አገናኝተው፣ አንድ መዝሙር አሰምተው፣ ተመስግነውም፣ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ወገቤ ተቆርጧልና መቀመጥ አልችልም፤ በእኔ ፈንታ ትሕትና ትቀመጣለች!»

ትሕትና የተባለችው ሚስታቸው ናት። ለባሏ ውሸት ዋስ መሆን ከለመደች ቆይታለች።

ወእምዝ ዓባይነህ ያን የተቆረጠ ወገብ ይዘው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ፤ የጦርነት ጌም ጀምረው ያላቸነፉት ከተማ ነበራቸውና። ተከትሏቸው የዘመተውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ ደስ ሲለው ብቻ የሚታዘዝ ማውስ፣ በፕላስተር የታሠረ ቻርጀር፣ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራ የላፕቶፕ ማራገቢያ፣ ለታመመው ወገብ ሁለት ትራስ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፣ በመጨረሻም ጆሮን እስከ ጉንጭ የሚሸፍን ታላቅ ሄድፎን። መስኮቱ ተዘጋ፣ መጋረጃው ወረደ፤ ለሐዘኑ ክብር ሲባልም የጌሙ ድምፅ በሄድፎን ብቻ እንዲሰማ ተወሰነ። እኒህ ሰው እንዲህ ያሉ ጨዋ ናቸው።

ከተማይቱንም ወረሩ፣ መትረየሳቸውን አነሡ፣ ተኮሱ፤ ሄድፎኑ ግን ዝም አለ። ድምፁ ኮብልሏል። ዓባይነህ በዚህ ጊዜ አልደነገጡም፤ ደንግጠው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያስቡ ነበር።

በመጀመሪያ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ሰቀሉት፣ ተኩሰውም ሞከሩ፤ ዝም። የጌሙን ማስተካከያ ከፍተው ያገኙትን የድምፅ መስመር ሁሉ ወደ ጫፍ ገፉት፣ ተኮሱ፤ ዝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የሄድፎኑን ገመድ ነቅለው ሰደቡት፣ ቀዳዳውን በስቴኪኒ ጎረጎሩት፣ እፍ አሉበት፣ መልሰው ሰኩት፣ ተኮሱ፤ ዝም። የድምፁን ድራይቨር አጥፍተው እንደገና ጫኑት፣ ላፕቶፑንም አጥፍተው አበሩት፣ በየመሐሉም ከሩቅ እንደ ታፈነ ከበሮ ያለ ድምድምታ ወደ ጆሯቸው ሲመጣ የሰንጋ ተራ ግንባታ ነው ብለው ፈረዱ፤ ሐዘን የማያውቁ ኮንትራክተሮችንም ረገሙ።

ጉድና ጅራት ከበስተኋላ ነው። ድምፁስ ከቶ አልጠፋም ነበር፤ ሊቁ በማለዳ ያገናኙትን ብሉቱዝ ማላቀቅ ረስተው ነበርና፣ ላፕቶፑ የተተኮሰውን ሁሉ ለሄድፎኑ ነፍጎ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ድምፅ ማጉያ ይልከው ነበር። ይህም በማያ ገጹ ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ዓባይነህ ግን ጥግ አያነቡም።

በድንኳኑ ውስጥ መትረየስ ተንጣጣ። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን በትነው አግዳሚ ሥር ገቡ፣ ንፍሮ የሚያዳርሰው ሰው ትሪውን በራሱ ላይ ደፋ፣ አቶ ፈቃደም ዳኝነታቸውን ትተው ከዕድሩ ትልቅ ድስት ጀርባ ተሸሸጉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ሊያጠፋ ቢነሣ ወይዘሮ ወይንሀረግ እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ማንም እንዳይነካው! ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለሙለታዬ ተተኮሰለት!»

ከላይም ዓባይነህ አሁንም ምንም አልሰማ ብሏቸው ቦምብ ጨመሩ። በዚያን ጊዜ ነው እምቢ ያለው ዕንባ የወረደው፤ ሴትዮዋ አንጀታቸው እስኪርስ አለቀሱ። ሲያላግጥ የመጣው የዚህ ዜና ጸሐፊም እዚህ ላይ መሳቅ አልሆነለትም።

ትሕትና ብቻ አንገቷን ደፋች፤ ይህን ተኩስ በየቀኑ ትሰማዋለችና። ወይዘሮ ወይንሀረግም የወታደር ሚስት ናቸው፣ ተኩስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አያቅታቸውም፤ የትሕትናን አንገት አዩ፣ ቀና ብለው የተዘጋውን መስኮት አዩ፣ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ወደ ዓባይነህ ቤት ወጡ።

ዓባይነህ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ነበሩ። ያ የተቆረጠ ወገብ ለሁለት ታጥፎ፣ መቀመጫቸው ወደ በሩ ዞሮ፣ ስቴኪኒ በጥርሳቸው ነክሰው ገመድ ይመረምሩ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሄድፎኑን ከጆሯቸው አነሣላቸው፤ ያን ቀን በጠራ ሁኔታ የሰሙት የመጀመሪያው ድምፅም ይህ አዋጅ ሆነ፦

«አንተ ዓባይነህ፣ ስማ! ለባሌ ተተኩሶለታል፤ ለዚህ እግዜር ይስጥህ። ወገብህን ግን አይቼዋለሁ። ሙለታ ሲተኩስ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልነበረም! በአርባው ቀን ትወርድና፣ በሰው ፊት ቀጥ ብለህ ቆመህ ትተኩስለታለህ።»

በአርባውም ቀን ወረዱ። ከድምፅ ማጉያው ሹመት ተሽረው ነበርና ማብሪያውን ሌላ ሰው ነካላቸው፤ እርሳቸውም ላፕቶፑን በክንዳቸው ታቅፈው፣ ላባቸው እየወረደ፣ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት ቆመው ተኮሱ። ሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሰጡ፣ ወይዘሮ ወይንሀረግ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም አልሳቀም፤ ለዓባይነህ ግን ይህ ከሳቅ የከፋ ነበር።

እንግዲህ ውዳሴ ይገባቸዋል ለዓባይነህ፤ ሳይታመሙ ለተኙት፣ ሳይሰሙ ላሰሙት፣ ከተማይቱን እስከ ዛሬ ላልያዙት፣ በዕድሜያቸው አንዲት ደግ ሥራ ሠርተው እርሷንም ሳያውቁ ለሠሯት። ዝናቸው የግቢያችን ፓምፕ እስኪጠገን ድረስ ጸንቶ ይኑር፤ አሜን።