በትልቁ ድስት ጥቀርሻ ላይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቦታ፦ ኮሶዬ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት በረንዳ
ሰዓት፦ 4፡00 ተብሎ 4፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦ አቶ አድማሴ (ሊቀመንበር)፣ አቶ ምንይችል (ዕቃ ጠባቂ)፣ መሪጌታ ዕንባቆም (አባል)፣ መምህር ህሩይ (ጸሐፊ)። ከሰባት የኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወይዘሮ ሽታዬ ተጠርተው ቀርበዋል። ትልቁ ድስትም በማስረጃነት ቀርቧል።

1. የድስቱ ንጽሕና

አቶ ምንይችል፣ ወይዘሮ ሽታዬ በጥቅምት ለተዝካር ወስደው የመለሱት ድስት ቆሻሻ መሆኑን አስረዱ። በደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት ዕቃ አቆሽሾ የመለሰ አባል ለአንድ ዓመት ዕቃ አይሰጠውም።

ወይዘሮ ሽታዬ ልጃቸው ሕሊና የፊታችን እሑድ እንደምትዳር፣ ሦስት መቶ ሰው እንደተጠራ፣ ያን ሁሉ ወጥ የሚችል ድስት ከዚህ ሌላ እንደሌለ አመለከቱ። “ሦስት ጊዜ በአመድና በአሸዋ ፈትጌዋለሁ፤ ከፈለጋችሁ ውስጡን እያያችሁ ጢማችሁን ተላጩ” ማለታቸው ይመዝገብልኝ ስላሉ ተመዝግቧል።

አቶ ምንይችል ውስጡ ሳይሆን ታችኛው ክፍል እንዲታይ ጠየቁ። ለዚሁ ክፍል የተጠቀሙበት ቃል ራሱ ቆሻሻ ነው ተብሎ ከመዝገብ ወጥቷል። ወይዘሮ ሽታዬ የሁሉም ድስት እንደዚያ ነው የሚባለው ሲሉ ተቃውመዋል።

መሪጌታ ዕንባቆም ሥጋ የተሠራበት ድስት ምንም ቢያበራ በጾም ቆሻሻ፣ በፍስክ ንጹሕ መሆኑን ጠቅሰው፣ ቆሻሻው ያለው ድስቱ ላይ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው አሉ። ሊቀመንበሩ አፈርም ቆሻሻ እንደሆነ ከአቶ ምንይችል ሲነገራቸው፣ “ምነው ታዲያ፣ አርባ ዓመት ቆሻሻ ሳርስ ዝም አላችሁኝ?” ሲሉ ጠየቁ።

ከረዥም ውይይት በኋላ “ነጭ ነገር ሲነካ ምልክት የሚተው ሁሉ ቆሻሻ ነው” የሚለው የጸሐፊው ትርጉም በአራት ድምፅ ጸደቀ። አቶ ምንይችልም ወዲያው የመሪጌታን ነጠላ ጫፍ ይዘው የድስቱን ጥቀርሻ ጠረጉበት። ምልክት ተገኝቷል። መሪጌታ በግእዝ የተናገሩት ስላልተተረጎመ አልተመዘገበም።

ወይዘሮ ሽታዬ ለአንድ ዓመት እንዲታገዱ ተወሰነ። ወይዘሮዋ “ለሦስት መቶ ሰው በጀበና ልቀቅልለት?” ብለው ጠይቀዋል።

2. ማኅተም

ሊቀመንበሩ ውሳኔው ላይ ማኅተም ሊያሳርፉ ሲሉ፣ ወይዘሮ ሽታዬ “ቆይ፣ አያ አድማሴ! ይኸ ነጭ ወረቀት ሲነካ ምን ሊተው ነው?” አሉ። ጸሐፊው ስለ ብዕሩ ስላልተጠየቀ አልተናገረም።

አቶ ምንይችል ማኅተም የተከበረ ነው ቢሉም፣ መሪጌታ ነጠላቸውን እያሳዩ ትርጉሙ ለማንም እንደማያዳላ አሳሰቡ። ማኅተሙ ቆሻሻ ስለሆነ ታጥቦ እንዲቀርብ ተወሰነ። ወይዘሮ ሽታዬም በፈቃደኝነት ሦስት ጊዜ በአመድና በአሸዋ ፈተጉት። ወረቀት ላይ ሲሞከር ምንም ምልክት አልተወም፤ ፊደሎቹም አብረው ጸድተዋል። ንጹሕ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።

3. የመጨረሻ ውሳኔ

ያልታተመ ውሳኔ ስለማይጸና፣ የቆሻሻው ትርጉም፣ የማኅተሙ እጥበትና የወይዘሮ ሽታዬ እግድ እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ፣ ድስቱም ለሠርጉ እንዲሰጥ ተወሰነ። አቶ ምንይችል “ይኸኛውስ በምን ይታተማል?” ሲሉ፣ ሊቀመንበሩ የአባላት የአውራ ጣት አሻራ በደንቡ ማኅተምን እንደሚተካ አስታወሱ። የማኅተሙ ቀለም ግን አብሮ ታጥቦ ስለነበር ሌላ ቀለም አልነበረም።

ወይዘሮ ሽታዬ ድስቱን ገለበጡት።

ትርጉሙ ስለተሻረ ጥቀርሻው ቆሻሻ አለመሆኑን መሪጌታ አረጋግጠው ቀድመው አሻራቸውን አሳረፉ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። አቶ ምንይችል ጣታቸውን የት እንደሚጠርጉ ሲጠይቁ፣ መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው ራቅ ብለው ቆሙ።

ስብሰባው በ7፡20 ሲበተን ድስቱ ከግቢ ወጥቶ ነበር። ከዚህ በታች የሚታዩት አራቱ ጥቋቁር ምልክቶች የእድሩ ሕጋዊ ማኅተም ናቸው።