ከባዱ ታንክ በሀሚድ በር ላይ

ታሪክ ስለ ታላላቅ የጦር አዝማቾች ብዙ ጽፏል። ሐርጌሳ ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር፣ በሳሚያ ሻይ ቤት ስለተቋቋመው የከባድ ብረት ለበስ ክፍል ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ታሪክ መቼም ሰው እያየ ነው የሚያዳላው። ስለዚህ እኔ አብዲ፣ የክፍሉ ቃል አቀባይና የቀላል ታንክ ነጂ፣ ከሰዓት በፊት ደግሞ የጨርቅ ሱቅ ሻጭ፣ ያየሁትን ያለ አንዳች ማጋነን እናገራለሁ።

ክፍላችን አራት ታንክ ነበረው። አራቱም ያሉት ስልካችን ውስጥ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ የሻይ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈን እንቀመጣለን፣ ዋይፋዩን እንከፍታለን፣ ከዚያ ከየት አገር እንደሆኑ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር እንገጥማለን። እነሱ ይተኩሳሉ፣ እኛ እንቃጠላለን፣ ሳሚያ ሻይ ትቀዳለች። አሠራራችን ይኸው ነበር።

የታንክ ድልድሉ የተፈጸመው በዕድሜ ነው። በጨዋታው ውስጥ ትልቁ ታንክ ከባዱ ነው፤ በመካከላችን ትልቁ ሰው ደግሞ ጋሽ ሪያድ ናቸው። ጋሽ ሪያድ የጭነት መኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ የመረዳጃ ማኅበራችንም ሊቀ መንበር ናቸው። ትልቅ ነገር ለትልቅ ሰው ይገባል፤ ይህ አያከራክርም። ሲራጅ ግን የበርበራ መስመር ሾፌር ስለሆነ ትንሽ ተከራከረ። «ከባዱ ለእኔ ነው የሚገባው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ ስጎትት ነው የኖርኩት!» አለ። ጋሽ ሪያድ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና መካከለኛው ተሰጠው። ጨዋታውን ያስተማረን ሙአዝ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ በዕድሜ ከሁላችንም ስለሚያንስ የተረፈውን ወሰደ። ከሁላችንም የተሻለ የሚጫወተው እሱ መሆኑ ግምት ውስጥ አልገባም፤ ድልድል እንደሱ አይሠራም።

«ጋሽ ሪያድ፣ ከባድ ታንክ ማለት ፊት የሚቀድም ማለት ነው» እያለ ያስረዳቸዋል ሙአዝ። «ቆዳው የወፈረው ለራሱ ብሎ አይደለም፣ ከኋላው ላሉት ነው። ጥይቱን እርስዎ ይቀበሉልናል፣ እኛ ከጀርባዎ ብቅ እያልን እንመታለን።»

«ግሩም ሐሳብ ነው። በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

«ፊት ለፊት ግን እንዳይቆሙ። ሰያፍ ይቁሙ፣ ጥይቱ ተንሸራትቶ ያልፋል። ሆድዎን አያሳዩ፣ ሆዱ ስስ ነው። ጉብታ ካገኙ ሰውነትዎን ከጉብታው ጀርባ ደብቀው ራስዎን ብቻ ብቅ ያድርጉ። ጠላት አንዴ ከተኮሰ ሌላ ጥይት እስኪያጎርስ ጊዜ አለዎት። ያኔ ይምቱት።»

«ገብቶኛል። ከጉብታ ጀርባ።»

«ከጉብታ ጀርባ፣ ግን ፊት!»

«ጀርባ አልክ እኮ፣ ልጄ።»

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ጋሽ ሪያድ ጉብታውን ብቻ ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውጊያው ሲከፈት ከባዱ ታንካችን ከሁሉም ኋላ ያለውን ጉብታ መርጦ ይተኛል። ጋሽ ሪያድ ይህን «ስልታዊ ተጠባባቂ ኃይል» ይሉታል። «መሪ ከሞተ ጦር ይበተናል» ይላሉ። እውነትም መሪያችን አይሞቱም፤ እኛ ሁላችን ከሞትን በኋላ ነው የሚሞቱት። የሚበተን ጦር በሌለበት ሰዓት ጠላት መጥቶ ይከባቸዋል፣ እሳቸውም በክብር ይቃጠላሉ። አንድ ቀን ሳሚያ ሻይ እየቀዳች በትከሻቸው አሻግራ ስልካቸውን አየችና «ይሄ ታንክ ነው ወይስ ቁም ሳጥን?» አለች። ሴት ስለ ጦር ስልት ምን ታውቃለች ብለን አለፍናት።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልሆነው የሙአዝ ጉዳይ ነው። ሙአዝ ዊዳድን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ሀሚድ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ያለው፣ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነው። የሙአዝ ወላጆች ያሉት ኮምቦልቻ ነው፤ እዚህ አገር ሽማግሌ የሚሆነው ከእኛ በቀር ማንም የለውም፣ ምስኪን። በዚህ መሃል ጅቡቲ የሚነግድ አንድ ሰው ለዊዳድ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሀሚድም ለሚስቱ ቁርጡን ተናገረ፤ ዊዳድ ሰምታ ለሙአዝ አደረሰችው። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ነኝ። ደጄን ቀድሞ የገባውን እሰማለሁ። ኋላ የመጣውን ሻይ አጠጥቼ እሸኛለሁ።»

«ጋሽ ሪያድ፣ በአላህ» አለ ሙአዝ። «እሷን ካጣሁ እዚህ አገር የምቆይበት ምክንያት የለኝም።»

አንጀቴን በላው። ጋሽ ሪያድም ተነክተው ጫቱን ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጄ፣ ሽምግልና ዘመቻ ነው። ዘመቻ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። ሐሙስ አንድ ውጊያ ገጥመን የክፍላችንን ቅንጅት እንፈትሻለን፤ ዓርብ የሀሚድን ደጅ እንይዛለን።»

በርጫ ላይ ስለነበርን ሐሳቡ ለሁላችንም የረቀቀ መሰለን። ምርቃና ላይ ያልረቀቀ ሐሳብ አላየሁም።

ሐሙስ ጨዋታው በሁለት ገደል መካከል ያለች አንዲት ጠባብ ድልድይ አመጣብን። ሙአዝ ለመነ፣ ተማጸነ፤ ጋሽ ሪያድም ለዊዳድ ሲሉ ከጉብታቸው ወጥተው ፊት ሊመሩ ተስማሙ። ማሻአላህ፣ ያ ከባድ ብረት ሲንቀሳቀስ ደስ ይል ነበር። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምን ሆኑ?» አለ ሙአዝ።

«ሲራጅ እኩል ደርሶ አጠገቤ ነው ያለው። ቅደም፣ ሲራጅ።»

«ኧረ በአላህ! እርስዎ እያሉ? ይቅደሙ እንጂ!»

«አይሆንም። አንተ የመንገድ ሰው ነህ፣ ቅደም።»

«ወላሂ አልቀድምም! መብራት ባሳየሁዎትና መንገድ በሰጠሁዎት፤ ይሄ ነገር መብራት የለውም እንዴ? ክላክሱስ የት ነው?»

«እንግዲያው አብዲ ይለፍ፣ ቀላል ነው።»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አልኩ። እኔ የታላቅን ፊት አልፎ የመሄድ አስተዳደግ የለኝም።

«ያ ጀመዓ፣ እየተተኮሰብን ነው!» ብሎ ጮኸ ሙአዝ።

«ቢተኮስስ? ሥርዓት ሊቀር ነው?» አሉ ጋሽ ሪያድ፤ ሲራጅን አጥብቀው ለመለመንም ታንካቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ያን ጊዜ ጎናቸው በሙሉ ለጠላት ተገለጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር ቤተሰብ ማሳዘን ነው። ብቻ ሙአዝ ብቻውን ከኋላችን ቆሞ እየተኮሰ ሊሸፍነን ሞከረ፣ እሱም መጨረሻ ላይ ተቃጠለ። ጋሽ ሪያድ ኔትወርኩን ወቀሱ። እኔም በቃል አቀባይነቴ «ክፍላችን በከፍተኛ ሥነ ምግባር ተቃጥሏል» የሚል መግለጫ ሰጠሁ፤ ሁሉም ወደደው።

ሳሚያ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። «ነገ ሀሚድ በር ላይም እንዲህ ልትሆኑ ነው?»

«ሳሚያ፣ ይሄ የወንዶች ጉዳይ ነው» አሏት ጋሽ ሪያድ።

«እንግዲህ ወንዶች ካሉማ ምን እላለሁ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነጭ ጀለቢያችንን ለብሰን፣ ሽቶ ተርከፍክፈን ጋአን ሊባህ ደረስን። ሙሽራ ነኝ ባይ በሽማግሌ መሃል አይገኝምና ሙአዝን ጥግ ያለው ሱቅ አቆምነው፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። የሀሚድ በር የብረት በር ነው፤ አንዱ ክንፉ ስለተበላሸ አይከፈትም፣ በሌላው አንድ ሰው ብቻ ያልፋል። ገና ማንም አልመጣም። መግባት ብቻ ነው የቀረን።

«ይቅደሙ፣ ጋሽ ሪያድ።»

«አንተ ቅደም፣ ሲራጅ።»

«ኧረ በሞቴ!»

«አትማል፣ ግባ!»

ሲራጅ ጋሽ ሪያድን ክርናቸውን ይዞ ይገፋል፣ ጋሽ ሪያድ ሲራጅን ትከሻውን ይዘው ይጎትታሉ። እኔ ከኋላ ሁለቱንም እየለመንኩ ነው። በዚህ መሃል አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ከጅቡቲው ነጋዴ የተላኩ አራት ሽማግሌዎች፣ ካርቶን ካርቶን ስጦታ ይዘው ወረዱ። በቃ፣ ሙአዝ አለቀለት አልኩ።

ሰዎቹ ግን ያደጉ ሰዎች ነበሩ፣ አላህ ይስጣቸው። የጋሽ ሪያድን ሽበት ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ጋሽ ሪያድ ሰላምታ ሰጥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እንግዳ ይቅደም! ግቡ፣ ግቡ!»

ጎናቸውን በክርኔ ጎሸም አደረግኩ፤ አልሰሙኝም።

«ወላሂ አንቀድምም» አሉ የጅቡቲው ሽማግሌዎች። «ቀድማችሁ ደርሳችሁ?»

«ከሩቅ መጥታችሁ በፀሐይ ቆማችሁ?»

«እርስዎን የመሰለ ሰው አልፈን?»

ሰባት ሰው በአንድ በር ላይ ተጣበቅን። ላባችን ሽቶውን አሸነፈው። በዚያው ሰዓት ሳሚያ ትልቅ ፔርሙዝ አቅፋ ከኋላችን ደረሰች።

«እስቲ አሳልፉኝ፣ ሻዩ እየበረደ ነው» አለች። ሻይ ለያዘች ሴት መንገድ የማይለቅ ማን አለ? ሁላችንም ገለል አልን፤ ገባች፤ እኛም ወደ ክርክራችን ተመለስን። የሳሎኑ መስኮት ወደ በሩ ስለሆነና ክፍት ስለነበር ውስጥ የተባለው ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ሳሚያ! ምን እግር ጣለሽ?» የሀሚድ ድምፅ ነው።

«ዊዳድን ለሙአዝ ልጠይቅህ መጣሁ። ሽማግሌ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ዛሬ ደጅህን ቀድሞ የገባ ማን ነው?»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሳሚያ ፊት ለፊቱ አልተቀመጠችም፤ ከሚስቱ አጠገብ፣ ሰያፍ ነው የተቀመጠችው። ሀሚድ ተኮሰ።

«ስልክ ጠጋኝ ነው አሉ። ምን አለው?»

«የሟች እናትህ ፎቶ ያለበት ስልክ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅብህ ማን አዳነልህ? አንድ ፎቶ ጎድሏል?»

ሀሚድ ሌላ እስኪያጎርስ ቆየ። ሳሚያ ሻይ ቀዳችለት።

«ሲመሽ ሲነጋ ስልክ ላይ ታንክ ይነዳል አሉ!»

«ይነዳል። እኔው ቤት ነው የሚነዳው። ሌሎቹ ሲያስቃጥሉት እሱ ብቻውን ቆሞ ይሸፍናቸዋል፤ ጥፋቱን ሲያላክኩበት ዝም ይላል። ለልጅህ ከዚህ ሌላ ምን ዓይነት ወንድ ነው የምትፈልገው?»

«እሺ፣ ወንዶቹስ? ሽማግሌ የሚሆን ወንድ አጣ?»

«አላጣም። በርህ ላይ ናቸው፤ ቅደም ቅደም እየተባባሉ ነው።»

ሀሚድ ተነስቶ በመስኮቱ አየን። ያን ጊዜ ጋሽ ሪያድ የአንዱን የጅቡቲ ሽማግሌ እጅ ይዘው ወደ ውስጥ እየገፉት፣ ሰውየው በሩን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ነበር። ሀሚድ ሳቀ። በአላህ እምላለሁ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ተጣራ።

«ዊዳድ! አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ፣ አባ» አለች ዊዳድ። «ቀድሞ የገባውን እሰማለሁ ያልከው አንተ ነህ።»

ሳሚያ ወደ በሩ መጣች። «አልቋል። ፋቲሃ ለመቅራት እንኳ ግቡ» አለችን። የጅቡቲዎቹም እንደ ተባለው ሻያቸውን ጠጥተው በሰላም ተሸኙ። ሙአዝ ሱቁ ጥግ ላይ ሲነገረው እዚያው ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ላብ ነው አልኩ።

ጋሽ ሪያድ በዚያው ዕለት ማታ ለማኅበሩ ንግግር አደረጉ። «ክፍላችን ጠባቧን በር አጥብቆ ባይዝ ኖሮ ተቀናቃኝ ኃይል ሰብሮ በገባ ነበር። ከባድ ታንክ ማለት ይህ ነው!» አሉ። ሐሰት አይደለም፤ ዘግተን ነበር። እኔም እንደዚያው መግለጫ አወጣሁ። የሳሚያ ስም መግለጫው ውስጥ የለም፤ ሻይ በማቅረብ የተባበሩትን ሁሉ ግን በጅምላ አመስግኛለሁ።

የኒካሁ ቀን ምሳው በአንድ አዳራሽ ተሰናዳ። በሩ ከሀሚድም በር ይጠባል። ሩዙና የፍየል ሥጋው ሽታው ውጭ ድረስ እየመጣ፣ እኛ በሩ ላይ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ሳሚያ ሳህን ይዛ ከውስጥ ቆማለች። «ቢስሚላህ፣ ግቡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እኔ እንደ ልማዴ «ጋሽ ሪያድ፣ ይቅደሙ» ለማለት ዞር አልኩ። የሉም። ጋሽ ሪያድ ትከሻቸውን ሰያፍ አድርገው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ሲራጅን ከኋላቸው አስከትለው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ በሩን ሰንጥቀው ገብተዋል። እኔ ስደርስ ሳህናቸው ሞልቶ ነበር።

«ጋሽ ሪያድ» አለች ሳሚያ፣ «ዛሬስ ማንንም አላስቀደሙም?»

ጋሽ ሪያድ የያዙትን አጥንት ዝቅ አድርገው በሐዘኔታ አዩዋት።

«ሳሚያ፣ ልጁ ስንት ቀን ሲያስተምረን አልሰማሽም እንዴ? ከባድ ታንክ ፊት ይቀድማል!»