የእትዬ ዘውዲቱ ዓሣና የእኔ ሆድ

ሆድ ሲያም ሰው ከመድኃኒት በፊት ተከሳሽ ይፈልጋል። ጉንፋን ሲይዘን ብርዱን፣ ራሳችንን ሲያመን ፀሐዩን አምተን እንተወዋለን። ሆዳችን ሲገለባበጥ ግን ዓይናችን ያበላን ሰው ላይ ያርፋል። ያበላ ይመሰገናል ያለው ማነው?

እኔ የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት የሚያርፍበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከሞተች፣ ልጆቼም አግብተው ከወጡ ወዲህ የሰንበት ምግብ የሚልኩልኝ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን የመጣን ነን፤ ለእኔ እንደ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኔም ከገበያ ስመለስ ብርቱካንም ሐብሐብም ገዝቼላቸው እገባለሁ። በዓሣ አሠራራቸው ደግሞ ሰፈሩ ይምላል። ድግስ ያለበት ሁሉ እሳቸውን ይለምናል።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዳቸው ዓሣ ላኩልኝ፤ ጣቴን እየላስሁ በላሁ። እሑድ ጠዋት ሆዴ ዐመፀ። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቼ በሩን ሳልዘጋ እመለሳለሁ። ሳል የለኝ፣ ንፍጥ የለኝ። ታዲያ ፍርድ ለመስጠት ዳኛ ያስፈልግ ነበር? «ዓሣው ነው» አልሁ። ለራሴ ብቻ ብዬው ብተው ምን ነበረበት? በደረጃው ስታልፍ ላየኋት ጎረቤት ከደጃፌ ሆኜ ነገርኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው እሷን ቀድሞ ምድር ቤት ደረሰ። በማግስቱ ለልጃቸው ግርዛት ዓሣ እንዲሠሩላቸው እትዬን ለምነው የነበሩ ሰዎች፣ «አይድከሙ፣ ሌላ ሰው አግኝተናል» አሏቸው።

እትዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሁሉን ሰምተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ በየጠዋቱ የአጃ አጥሚት ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። እኔ ምስጋና ቢሱ መጀመሪያ አሸተትሁት፤ ከዚያ ጠጣሁት።

ማክሰኞ ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደ ክሊኒክ ሄድሁ። ነርሷ የእኛው ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ በዕብራይስጥ የታሸ። የዓሣውን ታሪክ ከነቅመሙ ስተርክላት፣ ጫፉ ጥጥ የሆነ ቀጭን እንጨት ወደ አፍንጫዬ ሰደደች። «ልጄ፣ ሆዴን ነው ያልሁሽ፣ አፍንጫዬ ምን አጠፋ?» ብላት፣ «ሬጋ፣ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ኮሮና ነው» አለች።

ተከራከርኋት። ኮሮና የሳንባ በሽታ አይደለም ወይ? ሳትሰለች አስረዳችኝ። ቫይረሱ የሚገባው በአፍንጫና በጉሮሮ ነው። ነገር ግን የሰውነታችን ሕዋስ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ሳንባ ላይ ብቻ ሳይሆን አንጀት ላይም ሞልቷል። ከጉሮሮ ተውጦ ሊወርድና አንጀትንም ሊይዝ ይችላል። አንዳንዱ ሰው እንደ እኔ ሳያስለው ተቅማጥ ብቻ ይይዘዋል። «ዓሣው አሼም አይደለም» ብላ ሳቀች፤ ጥፋተኛ አይደለም ማለቷ ነው። በውኃ የሚበጠበጥ ጨው ሰጥታ ከቤት እንዳልወጣ አስጠነቀቀችኝ። እግዚአብሔር ይስጣትና፣ እስኪሻለኝ ድረስ በየቀኑ እየደወለች «ጠጡ ወይ?» ትለኝ ነበር። የወለድኋቸው እንኳ ያን ያህል አልደወሉም።

ተሽሎኝ ምርመራውም ነጻ ሲለኝ፣ ከላይ እስከ ታች በየበሩ እያንኳኳሁ የዓሣውን ንጽሕና አወጅሁ። ግርዛቱ ግን አልፎ ነበር፤ ያንን መመለስ አልቻልሁም። በመጨረሻ እትዬ በር ላይ ደርሼ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ስለ አጥሚቱ አመሰገንሁ፣ ስለ ምላሴ ይቅርታ ለመንሁ፣ ነርሷ ያለችኝንም ነገርኋቸው።

«ተነሥ፣ ወንድሜ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ቆይ እስቲ፣ ኮሮና ሆድም ያማል?»

«ያማል፣ እትዬ።»

«አይ የእኔ ነገር! ያን ሰሞን እኔንም ሦስት ቀን አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። አንተ የገዛህልኝ ሐብሐብ መስሎኝ!»

ደነገጥሁ። «ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልሁ።»