ስምንት ዓመት ላይ የቀረችው ልጄ

ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። አንዱ መጠጡን ይደብቃል፣ አንዷ ዕድሜዋን። እኔ የልጆች ግጥም እደብቃለሁ። አትሳቁ! ፊደል የቆጠርኩት ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ከላንቴ መንደር የመጣ ሙዝ ስቸረችር፣ ከውስጥ የሚሰማኝን እየደገምኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሁራን የጻፏቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት ሞክሬያለሁ፤ ግማሾቹ ጥሩ እንቅልፍ ሰጥተውኛል። ስለ እንቁራሪትና ስለ ጠፋ ጫማ የተገጠመ ሳገኝ ግን ገዢ ቆሞ እየጠበቀኝ እንኳ ብቻዬን እፍለቀለቃለሁ።

ችግሩ፣ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት የልጆችን መደርደሪያ የሚያውሰው በልጆች ካርድ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ የለኝም። ስለዚህ ወለድኩ። ማርታ፣ ዕድሜ ስምንት። ምጥ የለ፣ ገንፎ የለ፤ በአንድ ፎርም ተገላገልኩ።

ሦስት ዓመት በሰላም አነበብን። አንድ ቀን መጽሐፍ የሚያውሰው ወጣት፣ "እትዬ ዘነበች፣ ማርታ በንባብ አንደኛ ወጥታለች። ቅዳሜ ይዘዋት ይምጡ፣ ትሸለማለች" አለኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ከርሞ ከበደ።

እውነቱን ብናገር ካርዱን መነጠቄ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ምሕረትን ተዋስኩ። "ስምሽ ማርታ ነው። ሌላ ቃል እንዳትተነፍሺ!" ብዬ ቀሚሷን ተኩሼ፣ ፀጉሯን ቅባት አስነክቼ ይዣት ሄድኩ።

አዳራሹ በወላጅ ጢም ብሏል። ወጣቱ፣ "እስቲ ማርታ፣ የምትወጂውን ግጥም በቃልሽ በይልን" አላት። ክው አልኩ። ይህን ማን አስቦት! ምሕረት ግን ለመዝሙር እንደተነሣች ጉሮሮዋን ጠረገች፦

ዝናቡ ሲመጣ ከሐይቁ ተነሥቶ፣
የሙዝ ቅጠል ያዝኩኝ፤ አየኝ አፉን ከፍቶ።

"ጎበዝ! ማን አስጠናሽ?"

"እትዬ ዘነበች። ቤቷ ሆና ጮክ ብላ ታነባለች፤ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ አጥር ሥር ሆኜ እሰማለሁ።"

"እናትሽ አይደሉም እንዴ?"

"እናቴማ ገበያ ናት።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ወጣቱ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። "እኔስ ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ስምንት ዓመቷ የሆነው ምን ነክቷት ነው እያልኩ ነበር!"

ማርታ እዚያው በተወለደችበት ጠረጴዛ ላይ ተቀደደች። አዲሱ ካርድ በምሕረት ስም ወጣ፤ ለሽልማት የተዘጋጀውን ባለቀለም እርሳስም እሷው ወሰደች።

አሁን መጽሐፉን የምትመርጠው እሷ ናት። እኔ አነባለሁ። ስሳሳት ታስደግመኛለች። ትናንት፣ "እትዬ፣ ሳቅሽን ቀንሺ፤ ግጥሙ አልሰማ አለኝ" ብላ ተቆጣችኝ።

ቀነስኩ። ካርዱ የእሷ ነዋ!