ለአንድ ዳገት አራት ስብሰባ

«ዳገት መውጣት የወንድ ነው፤ አንቺ ታች ወንዙ ዳር ሆነሽ በጉን ትሠሪያለሽ!»

እንዲህ ያለኝ የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ጓድ ተስፋዬ ነው። ፊት ለፊቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ! ይህን ብሎ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚያነበውን ጽሑፍ «ይታይሽ፣ በታይፕ ምቺልኝ» ብሎ ሰጠኝ። መታሁለት... ሦስት ቦታ ላይ እያቆምኩ እየሳቅሁ።

ስሙኝማ፣ የብቸና የመሥሪያ ቤት ሰው እግር የለውም! ያለው መቀመጫ ብቻ ነው። አትቆጡኝ፣ እኔም የዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ አይቼ ነው የምናገረው።

የእግር ጉዞውን ሐሳብ ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። ብቸና ተወልጄ፣ ብቸና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ያን ከከተማው ወዲያ የተገተረ ጋራ ዕድሜ ልኬን ከታች አንጋጥጬ ሳየው ኖሬያለሁ። በልጅነቴ እንጨት ለቀማ የምንሄደው እስከ ግርጌው ነበር። ከዚያ በላይ «ሴት ልጅ ምን ቆርጧት!» ይባላል። አሁን ደግሞ ወደ ሞጣ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጋራውን ጫፍ ሳልረግጥ አውቶቡስ ላይ ብወጣ ሞጣም ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩና ለክበቡ ሐሳብ አቀረብኩ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

መንገዱ ምን አለው? ድንጋይ ድንጋዩን እየዘለላችሁ ጥዱና ወይራው ውስጥ ትገባላችሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ማለዳ ወጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ ናችሁ። ክበቡ ግን አራት ጊዜ ተሰበሰበ! «የመንገድ ጥናት ንዑስ ኮሚቴ» የሚባል ተቋቋመ። ኮሚቴው መንገዱን ያጠናው የት ሆኖ ይመስላችኋል? መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ! ከዚያ «ዳገቱ መጠነኛ፣ ድንጋዩ በርከት ያለ፣ ደኑም ዛፍ ያለው ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ሪፖርት አቀረበ... ተጨበጨበለት።

በጉ የመጣው በአራተኛው ስብሰባ ነው፤ ለጉዞው ምሳ ወንዙ ዳር ይታረድ፣ እኔም ታች ቀርቼ ልሥራው ተባለ። ጓድ ተስፋዬ ቀኑን የቆረጠው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አይቶ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ! የገና ጾም መሐል! በእኛ አገር ያን ሰሞን ሥጋ የሚቀምስ ውሻ ብቻ ነው። ግን ውይይት ክበብ ውስጥ «ጾም» የሚል ቃል ማን ይተነፍሳል? አድኃሪ ሊባል?

«በግ ለጉዞ አይመችም» አለ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሽፈራው፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ።

«ለምን?»

«እንግዲህ... አራት እግር አለው።»

ቀጥሎ መሪጌታ አድማሱ ተነሡ። ድሮ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን መዝገብ ቤት ፋይል ያወጣሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥጋ ዳገት ላይ ውኃ ያስጠማል። ሽሮ ግን...» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ፤ «ሽሮ ሳይንሳዊ ነው!»

የሰው ሁሉ ጭንቅላት ተነቀነቀ። እኔም በልቤ አሰላሁት። በግ ከሌለ በግ ሠሪ የለም፤ በግ ሠሪ ከሌለ እኔ ዳገቱን ወጣሁ ማለት ነው! ብድግ አልኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዎቹ ጾመኞች ናቸው። በጉ ይቅርና እኔም ልውጣ!»

ሁሉም ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ይሄ... ይመዝገብ?» አለ ሽፈራው።

የጓድ ተስፋዬ ፊት በርበሬ መሰለ። «እዚህ ውስጥ የሚጾም አለ? እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም።

«በጉ ይታረድ የሚል?»

ሁሉም! መሪጌታም ሳይቀሩ... ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ወጥቷል፤ ግራቸው ኪሳቸው ውስጥ መቁጠሪያ ይቆጥራል። በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እኔም በሙሉ ድምፅ ታች ቀረሁ።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አራታችንም የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተገኘን። በጉ ከሁላችንም ቀድሞ ታስሮ ቆሟል። ጓድ ተስፋዬ ስም ጠርቶ እንደጨረሰ ሽፈራው ሆዱን ያዘ።

«እኔን እንኳ... ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል። ጨጓራ ነው።»

«እኔም ጨጓራ አለብኝ» አለ ከጎኑ ያለው። ከእሱ ጎን ያለውም። ጉድ በሉ! በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ ጨጓራ! መሪጌታ ብቻ ለየት ብለው ጥርሳቸውን አመማቸው።

ጓድ ተስፋዬ ይህን ሁሉ በማስታወሻ ሊይዝ ቦርሳውን ሲከፍት አንዲት ጥቅል ዱብ አለችና ተፈታች። በሶ!

ሁላችንም በሶውን አየነው። እሱም አየው።

«ባለቤቴ ናት... ለመጠባበቂያ ብላ» አለ።

«ታዲያ በጉን ለዘበኛው እንስጥና እንሂዳ!» አልኩ። «የሚበላው የለ!»

«አይቻልም! በሙሉ ድምፅ የተወሰነ በግ ነው። ውሳኔውን ለማንሣት አስቸኳይ ስብሰባ ያስፈልጋል።»

አስቸኳይ! ወንበር ከቢሮ ይውጣ ተባለ። ሥጋ የሚፈራው ጨጓራ ሁሉ ወንበር ተሸክሞ ወጣ። ለመሪጌታ ጥላ ያለበት ቦታ ተፈለገ። ሽፈራው አዲስ ገጽ ገልጦ አሰመረ። ፀሐይዋ የጋራውን ትከሻ ይዛለች። የእኔ አውቶቡስ ሰኞ ማለዳ ነው።

«ይታይሽ፣ አንቺ በጉን ያዢ» አለኝ ጓድ ተስፋዬ፣ ገመዱን እየፈታ። «የዕለቱ አጀንዳ...»

ገመዱን ተቀብዬ መልሼ መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

«ወዴት ነው? ስብሰባው እኮ ገና መጀመሩ ነው!»

«ሳይዘጋ እመለሳለሁ» አልኩትና ወደ ጋራው ሄድኩ።