ማንንም ያላጉላላ ድልድይ

የሕዝብ ጩኸት የማይሰማ መሥሪያ ቤት አለ ብሎ የሚያማ ሰው የዚያችን ከተማ መንገድ መሥሪያ ቤት አላየም። ይህ የተከበረ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ላይ በር ዘግቶ አያውቅም፤ የሚዘጋው መንገድ ብቻ ነው።

በአውራ ጎዳናው ላይ ያለው ድልድይ አርጅቶ ከባድ መኪና ባለፈበት ቁጥር እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ ይል ጀመር። መሥሪያ ቤቱም ባለ ስድስት መስመር ድልድይ ሊሠራ ቆርጦ ተነሣ። መንገዱ ለሦስት ዓመት ይዘጋል፤ በድልድዩ ጫፍ ያሉት ሱቆችም ይፈርሳሉ። ከሚፈርሱት አንዷ የጎሚስታው ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ የተነፈሰ ጎማ እየለጠፈ አራት ልጅ ያሳደገባት ስለሆነች ነገሩ አንገበገበው። የሰፈሩን ሰው አስፈርሞ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ የድልድዩ እግሮች ደህና ናቸው። ላዩን ብቻ ቀይሩት፤ እሱንም ግማሹን እየዘጋችሁ፣ በግማሹ እያሳለፋችሁ። ወጪው ይቀንሳል፣ እኛም አንጉላላም።»

ኃላፊው ደስ አላቸው። «እጅግ ገንቢ አስተያየት ነው። ግን መጉላላት ከመቀነሱ በፊት መለካት አለበት። ስለዚህ ድልድዩን ዘግተን በቀን ስንት መኪና እንደሚያልፍበት እንቆጥራለን።»

ጎሚስታው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «ከተዘጋማ ማን ያልፍበታል?»

«ክፍት ሆኖ ስንቆጥር ቆጣሪያችንን መኪና ቢገጭብንስ?» አሉ ኃላፊው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት።

በማግስቱ ድልድዩ በሁለት በርሜልና በአንድ ገመድ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ዞሮ በታች በኩል ባለው ድንጋያማ ኮረኮንች መንገድ እንዲሄድ ተደረገ። ቆጣሪው መሃል ድልድይ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ጥላውን ተክሎ፣ መዝገቡን ጭኑ ላይ አኖረ። ሥራው ያለ አንዳች ስሕተት ተከናወነ። ሰኞ ዜሮ። ማክሰኞ ዜሮ። ረቡዕ ትንሽ ስለተጠራጠረ ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ዜሮ።

በአሥረኛው ቀን፣ ሥራ የፈታው ጎሚስታ አንድ የከባድ መኪና ጎማ እያንከባለለ መጣ።

«ይቺን እንኳ ጻፍልኝ፣ ወንድሜ።»

«ጎማ ለብቻው ተሽከርካሪ አይባልም፣ ጋሼ።»

«አራት ባደርጋቸውስ?»

«ሹፌር አላቸው?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

ቆጣሪው መመሪያውን ገልጦ ብዙ አነበበ። «እርስዎ ያሉት ከኋላ ነው። ሹፌር ከፊት ነው።»

በሦስተኛው ወር ጥናቱ ሰማያዊ ሽፋን ለብሶ ወጣ። ኃላፊው ድንኳን አስተክለው ነዋሪውን ሰበሰቡ።

«ሕዝባችን ርካሽ ድልድይ ጠየቀን፤ አዳመጥን። ሳይንሳዊ ጥናታችን እንዳረጋገጠው በዚህ ድልድይ ላይ አንድም መኪና አያልፍም። በመሆኑም አዲስ ድልድይ አይሠራም፤ አሮጌውም እንደተዘጋ ይቆያል። ሱቅ አይፈርስም። ከዚህ የረከሰ ድልድይ አለ የሚል ይነሣ።»

የተነሣ የለም። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤት ወደ ጎሚስታው ጠጋ አለች።

«አሁን እኛ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?»

«ዝም ብለሽ አጨብጭቢ፣ እህቴ። ኋላ እንጠይቃለን።»

የጎሚስታው ሱቅ እውነትም አልፈረሰችም። ደጇ ላይ ግን ከዝንብ በቀር የሚያርፍ ጠፋ። ሚስቱ አንድ ቀን ወገቧን ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ መኪናው በየት ነው የሚሄደው?»

«በኮረኮንቹ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ማንን ትጠብቃለህ?»

ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ኮረኮንቹ ሄደ። የዚያ መንገድ ድንጋይ ጥርስ አለው፤ አሥር መኪና ቢያልፍ የሰባቱ ጎማ ይተነፍሳል፣ የሦስቱም ለመተንፈስ ወረፋ ይይዛል። ጎሚስታው በሁለት ወር ሁለት ረዳት ቀጠረ፣ አዲስ መንፊያ ገዛ፣ ቦርጭም ብቅ አለው።

ይኼኔ ኮረኮንቹ አስፋልት ሊለብስ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በማግስቱ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ በር ሳይከፈት ደጁ ላይ የቆመው ጎሚስታው ነበር፤ በእጁ አርባ ፊርማ ይዟል፤ አሥራ ሁለቱ የቤተሰቡ።

«ጌታዬ፣» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሕዝቡ ድንጋዩን ለምዶታል። አሁን ብታነሡበት ይጉላላል።»